ስታዲየሙ ሲሞላ በሽታን ማን ያያል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የበሽታ ቅኝት ነው። ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው የስፖርት ውድድሮች ላይ በተደጋጋሚ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ሕዝቡ ጨዋታውን ሲያይ እኛ የክሊኒክ መዝገብ እናያለን። ትልቅ ውድድር በመጣ ቁጥር ስለዚህ ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ጊዜ ወስጄ ልመልስ ተቀምጫለሁ፤ የከበደውንም የቀለለውንም አምጡ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የበሽታ ቅኝት የሚባለው ያ በር ላይ ቆመው ግንባር ላይ ሙቀት የሚለኩት ነገር ነው?

አይደለም። እሱ ዓይን ይሞላል እንጂ ብዙ አይዝም። ሰውዬው የትኩሳት ማስታገሻ ውጦ ከመጣ ያልፋል። ቫይረሱ ከገባበት ገና ሁለት ቀኑ ከሆነም ያልፋል። ፀሐይ ላይ ተሰልፎ የዋለ ጤነኛ ሰው ግን ይያዛል።

ቅኝት ሌላ ነገር ነው። ከክሊኒኮች፣ ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች፣ ከላቦራቶሪ፣ ከቡድን ሐኪሞችና ከማረፊያ ቤቶች የሚመጣውን መረጃ በየቀኑ መሰብሰብ ነው። ከዚያ ከተለመደው ጋር ማስተያየት። "ይሄ ነገር ልክ አይመስልም" ብሎ በዚያው ቀን መናገር።

አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በአንድ ውድድር ሦስተኛ ቀን ማታ የሦስት ክሊኒኮችን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አንደኛው ላይ ትውከት ያለበት አንድ ወጣት አለ። ሁለተኛው ላይም አንድ። ሦስተኛው ላይ ሁለት። ለእያንዳንዱ ሐኪም ይሄ ምንም ማለት አይደለም፤ አንድ የሚያስታውክ ሰው የትም አይጠፋም። ሐኪሞቹ ደግሞ የተለያየ በር ላይ ስለሆኑ እርስ በርስ አይተያዩም። "ሥራ" በሚለው ዓምድ ግን አራቱም ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፦ በጎ ፈቃደኛ። ስልክ አነሳሁ። አራቱም ምሳቸውን የሚወስዱት ከአንድ ድንኳን ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ድንኳኑ ተዘጋ፣ የውሃ በርሜሉ ተነሳ፣ ሳሙና ያለው መታጠቢያ ቆመ። ነገሩ ከጥቂት ሰው ሳያልፍ በረደ። ይህን ያደረገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ያቺን አንዲት ዓምድ ባዶ ያልተዉት ነርሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ በብዛት የሚያጋጥማችሁ ምን ዓይነት በሽታ ነው? እኛ የምንሰማው ስለ ኢቦላና ስለ ኮሌራ ነው።

ሕዝቡ የሚፈራው ሌላ፣ ክሊኒክ የሚመጣው ሌላ። የሚመጣው በአብዛኛው ወለምታ፣ ጭረት፣ ሙቀት ያደከመው ሰው፣ ጉንፋን፣ ሆድ ቁርጠት ነው። ከተላላፊዎቹ ሁለት ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን ሳላመነታ ኖሮቫይረስንና ኩፍኝን እላለሁ።

ኖሮቫይረስ የትውከትና የተቅማጥ በሽታ ነው። ከተያዙ በኋላ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በጣም ጥቂት ቫይረስ ሰውን ለማሳመም ይበቃል። አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ብዙም አይሠራበትም፤ ሳሙናና ውሃ ነው የሚያዋጣው። በ2018 የክረምት ኦሎምፒክ ፒዮንግቻንግ፣ ደቡብ ኮሪያ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የጥበቃ ሠራተኞች መታመም ጀመሩ። አዘጋጆቹ 1,200 ያህል ጥበቃዎችን ከሥራ አግልለው በ900 ወታደር ለመተካት ተገደዱ። እስቲ አስቡት፤ ዓለም ሁሉ የሚያየው አትሌቱን ነው። አዘጋጆቹን ያስጨነቀው ግን በር ጠባቂው የሚጠጣውና የሚበላው ነገር ነበር። ለዚህ ነው አዲስ ቦታ ስመደብ መጀመሪያ የምጠይቀው "ጥበቃዎቹ፣ አጽጂዎቹ፣ ሾፌሮቹ የት ያድራሉ? ማን ያበላቸዋል?" ብዬ የሆነው። ለአትሌቶቹ የሚጨነቅ ሰው አይጠፋም። ለእነዚህ ግን ብዙ ጊዜ ማንም የለም።

ኩፍኝ ደግሞ በአየር ነው የሚሄደው። በሽተኛው ክፍሉን ለቆ ከወጣም በኋላ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። በ1991 አሜሪካ ውስጥ ሚኒያፖሊስ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ስፖርተኞች የሚዘጋጀው ስፔሻል ኦሎምፒክ ተካሂዶ ነበር። አንድ ኩፍኝ የያዘው አትሌት ጣሪያው በተዘጋ ስታዲየም ውስጥ በመክፈቻው ላይ ተገኘ። በኋላ በምርመራ የተደረሰበት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከታመሙት መካከል ሁለቱ አትሌት አይደሉም፤ ተመልካች ናቸው። የተቀመጡት ላይኛው ደርብ ላይ ነበር፣ አትሌቶቹ ከሚገቡበት በር ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ከታመመው አትሌት ጋር እጅ አልተጨባበጡም፤ አጠገቡም አልደረሱም።

ጥያቄ፦ ኩፍኝ የልጆች በሽታ አይደለም እንዴ?

ያልተከተበንና ታሞ የማያውቅን ሰው ሁሉ ይይዛል፣ የ40 ዓመት ሰውንም ቢሆን። በ2010 ከቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ማግሥት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 82 ሰው በኩፍኝ መያዙ ተረጋግጧል።

ጥያቄ፦ እኔ የአትሌቲክስ ሰው ነኝ። በ2017 ለንደን ላይ የቦትስዋናውን ማክዋላን ከ400 ሜትር ፍጻሜ ሲከለክሉት አይቼ ተናድጄ ነበር። "ደህና ነኝ" እያለ በር ላይ መለሱት። ፍትሕ ነበር ትላለህ?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ደስ ብሎኛል።

ላላስታወሰ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ሻምፒዮናው ጊዜ የተወሰኑ ቡድኖች ባረፉበት ሆቴል የሆድ ሕመም ገባ። 30 ያህል ሰው ታመመ፤ ኖሮቫይረስ መሆኑም በላቦራቶሪ ተገኘ። አይዛክ ማክዋላ ስላስታወከ ከ200 ሜትር ማጣሪያ ወጣ። በእንግሊዝ የጤና አሠራር መሠረት 48 ሰዓት ተለይቶ መቆየት ነበረበት። የ400 ሜትር ፍጻሜው ደግሞ በዚያው 48 ሰዓት ውስጥ ወደቀ። ስታዲየም ድረስ መጥቶ እንዳይገባ ተከለከለ። በማግሥቱ ጊዜው ሲያበቃ ለብቻው 200 ሜትር እንዲሮጥ ፈቀዱለት። በዝናብ ውስጥ፣ ከጎኑ ማንም የለም። ለማለፍ 20.53 ሰከንድ ይበቃው ነበር፤ በ20.20 ገባ። በዚያው ምሽት ግማሽ ፍጻሜውን ሮጦ ለፍጻሜ አለፈ።

እኔ በሁለት ልብ ነው የማየው። ደንቡ ራሱ ትክክል ነው። ኖሮቫይረስ የያዘው ሰው ትውከቱ ቆሞ "ደህና ነኝ" ከሚልበት ሰዓት በኋላም ቫይረሱን ያወጣል። የሩጫ መጠባበቂያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ወንበሩ፣ ውሃው፣ መጸዳጃው የጋራ ነው። አንድ ሰው ማስገባት ሌሎች ሰባት ሰዎች የደከሙበትን ዓመት አደጋ ላይ መጣል ሊሆን ይችላል።

የከፋኝ አፈጻጸሙ ነው። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ በር ላይ በጥበቃ አይነገርም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ቡድን በጽሑፍ ሊደርሰው ይገባል፦ ያስታወከ ሰው ይህን ያህል ሰዓት ይለያል፣ የሚወስነው እገሌ ነው፣ ቅሬታ የሚቀርበው እዚህ ነው። አትሌቱ ሕጉን አስቀድሞ ካወቀ ያዝናል እንጂ ተሰደብኩ አይልም። ቡድኖችም በሚቀጥለው ጊዜ በሽተኛቸውን አይደብቁም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄኛው ነው። አንድ አትሌት ሲዋረድ ያየ የቡድን ሐኪም ሌላ ጊዜ ስልኬን አያነሳም።

ጥያቄ፦ ቡድኖች ይደብቃሉ ማለት ነው?

አንዳንዶቹ አዎ። የሚደብቁት ግን ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ተጋጣሚ ይሰማል፣ ጋዜጠኛ ይሰማል፣ ተጫዋቹ ይታገዳል ብለው ነው። እኔ የምጠይቃቸው ስም አይደለም። "ዛሬ ትኩሳት ያለበት ስንት? ተቅማጥ ያለበት ስንት? ሽፍታ ያለበት ስንት?" ቁጥር ብቻ ነው። ስም የሚያስፈልገው ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መፈለግ ሲኖርብን ብቻ ነው፤ ያኔም ከሁለትና ከሦስት ሰው ጆሮ አያልፍም።

አገሮችም ቢሆኑ ይፈተናሉ። በ2005 በወጣው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት አንድ አገር አሳሳቢ ክስተት ሲያይ በ48 ሰዓት መገምገም፣ ዓለም አቀፍ ስጋት ሊሆን ይችላል ብሎ ከደመደመ ደግሞ በ24 ሰዓት ለዓለም ጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። አዘጋጅ አገር ሆነህ፣ እንግዳው ቤትህ ሞልቶ፣ ይህን ማድረግ ጀግንነት ይጠይቃል። ያደረጉትን ከልቤ አከብራለሁ።

ጥያቄ፦ ዋናው አደጋ ያለው ስታዲየሙ ውስጥ ነው አይደል? ጠጠር መጣያ የለውም።

ሁልጊዜ አይደለም። ለዚህ ምርጥ ማሳያ የስኮትላንድ ነው። በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ጊዜ የስኮትላንድ የጤና ባለሙያዎች በኮቪድ የተያዙ ሰዎችን "ከጨዋታው ጋር የተያያዘ ቦታ ሄደህ ነበር?" ብለው ጠየቁ። 1,991 ሰዎች አዎ አሉ። ከእነሱ 1,294ቱ ወደ ለንደን ተጉዘው ነበር፤ ስኮትላንድ ከእንግሊዝ የተጫወተችበት ጊዜ ነው። ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ የገቡት ግን 397 ብቻ ናቸው። ከሌላው ብዙው ትኬት ሳይኖረው በባቡርና በአውቶቡስ ሄዶ፣ መጠጥ ቤትና አደባባይ ላይ አብሮ ሲዘፍን ያመሸ ነው። ከአስሩ ዘጠኙ ወንዶች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ የሄዱበት ቦታና የተያዙበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ዓይናችንን ስታዲየሙ ላይ ብቻ ከተከልን ጉዞውን፣ ማደሪያውንና ማምሻውን እናጣለን።

ጥያቄ፦ አደጋ ካለ ለምን ውድድሩን አይሰርዙትም? ጤና ይቀድማል።

ጤና ይቀድማል። ግን መሰረዝ ሁልጊዜ ጤናን ይጠብቃል ማለት አይደለም።

የ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ ላይ ነበር የታሰበው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ኢቦላ ስለነበር ሞሮኮ ውድድሩ እንዲራዘም ጠየቀች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እምቢ አለ፤ ውድድሩም ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደ። ኢቦላ የነበረባት የጊኒ ቡድንም ተሳትፎ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ኢቦላ የሚተላለፈው ምልክት ካሳየ ሰው ፈሳሽ ጋር በቀጥታ በመነካካት ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ በማየት አይደለም። የሞሮኮን ፍርሃት እረዳለሁ፤ ያኔ ሁሉም ፈርቶ ነበር። ነገር ግን ውሳኔው በበሽታው አካሄድ ላይ ቢቆም ኖሮ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

በ2016ም ብራዚል ውስጥ ከተካሄደው ከሪዮ ኦሎምፒክ በፊት በዚካ፣ ማለትም ትንኝ በምታስተላልፈውና ጽንስን ሊጎዳ በሚችለው ቫይረስ ምክንያት ከ100 በላይ ምሁራን ውድድሩ ይዘዋወር ወይም ይራዘም ብለው ደብዳቤ ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት መዘዋወሩ የዚካን ስርጭት ያን ያህል አይለውጠውም አለ። ነሐሴ እዚያ ቀዝቃዛው ወቅት ነው፤ ትንኝ ይቀንሳል። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ከአትሌቶቹም ከእንግዶቹም በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ዚካ አልተዘገበም። የደብዳቤውን ጸሐፊዎች አልወቅስም፤ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚደርሰውን አስበው ነው። እኔ የምለው "ይሰረዝ" ከማለት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ ነው፦ በሽታው በምን ይተላለፋል? በዚያ ወቅት እዚያ ይኖራል ወይ? አዘጋጁ ቢከሰት ያየዋል ወይ? ሦስተኛው "አያየውም" ከሆነ እኔም ይራዘም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ውድድሩ ሲያልቅ ሥራችሁ ያልቃል?

ብዙ አዘጋጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። መዝጊያው ላይ ርችት ይተኮሳል፣ ባነሩ ይወርዳል፣ የቅኝት ክፍሉም በማግሥቱ ይዘጋል። በሽታው ግን ገና አውሮፕላን ላይ ነው።

በ2000 ማሌዢያ ቦርኒዮ ውስጥ ኢኮ ቻሌንጅ የሚባል የጽናት ውድድር ነበር። 304 አትሌቶች ከ26 አገር መጥተው ጫካ አቋረጡ፣ ዋሻ ገቡ፣ ሰጋማ ወንዝ ውስጥ ዋኙ። ጨርሰው ተመሰጋግነው ወደየቤታቸው ሄዱ። ከዚያ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ይዞት ሐኪም ዘንድ መሄድ ጀመረ። ነገሩ ሌፕቶስፓይሮሲስ ነበር። የእንስሳት ሽንት ከነካው ውሃ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ምልክቱ እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። መርማሪዎቹ 189ኙን አግኝተው ሲያነጋግሩ 80ዎቹ ታመው ነበር። 29ኙ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ደግነቱ የሞተ የለም። ዋናው ምክንያት ወንዙ ውስጥ መዋኘት መሆኑም ተለየ።

እንዴት ተደረሰበት? የተለያየ ቦታ ያሉ ሐኪሞች በሽተኛውን "የት ነበርክ?" ብለው ጠየቁ። መልሱን ለጤና ቢሮ አደረሱ፤ የተጓዦች ክሊኒኮችን የሚያገናኘው ጂኦሴንቲኔል የሚባል መረብም ነጥቦቹን አገናኘ። አንዱ ሐኪም ያንን ጥያቄ ሳይጠይቅ መድኃኒት ጽፎ ቢሸኝ ኖሮ እያንዳንዱ በሽተኛ ብቻውን የታመመ ይመስል ነበር።

ስለዚህ ቅኝቱ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት መቀጠል አለበት። ኩፍኝም ቢሆን ከተያዙ በኋላ ሽፍታው እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ አሁን የስልክ መተግበሪያ አለ፣ በከተማው የመጸዳጃ ፍሳሽ ውስጥ በሽታን የሚፈልግ ምርመራ አለ። መዝገብ መቁጠር ጊዜው አላለፈበትም?

ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ፍሳሽ አይዋሽም፤ ክሊኒክ ያልሄደውም ሰው መጸዳጃ ይሄዳል። በ2014 የብራዚል ዓለም ዋንጫ ጊዜም ሰዎች ራሳቸው ሕመማቸውን በስልክ የሚያሳውቁበት መተግበሪያ ተሞክሯል። ነገር ግን ፍሳሹ "ከተማው ውስጥ አለ" ይልሃል እንጂ "ሰሜን በር ያለው ድንኳን ነው" አይልህም። መዝገቡ ነው የሚልህ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ምንም ካልተከሰተስ? ገንዘቡ ባከነ ማለት አይደለም?

ይህን የበጀት ሰዎች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ለንደን በ2012 ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች በየቀኑ ምልክት የሚሰበስብ አዲስ ሥርዓት ዘረጋች። በውድድሩ ወቅት ከባድ ወረርሽኝ አልተፈጠረም። ሥርዓቱ ግን አልፈረሰም፤ ከውድድሩ በኋላም ለሌላው ቀን ሁሉ አገልግሏል። አዘጋጅ ከተማ ስታዲየም ሠርታ እንደምታስቀር ሁሉ ይህንንም ማስቀረት ትችላለች፤ ወጪው ደግሞ ከስታዲየሙ ጋር አይወዳደርም።

ሌላም ነገር አለ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ "እገሌ ሆቴል ሰው በኮሌራ ሞተ" የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ዛሬ ጠዋት ከሁሉም ክሊኒክ ሪፖርት ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ "አረጋግጠናል፣ የለም" ማለት ይችላል። የሌለው ሰው ግን ሦስት ቀን ይንገላታል፤ ሕዝቡም አያምነውም።

ጥያቄ፦ እኔ ተመልካች ነኝ። ከኔ ምን ይጠበቃል?

ብዙ አይደለም። የኩፍኝ ክትባትህን ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት አረጋግጥ። ካስታወክ ወይም ካስቀመጠህ ከቆመልህ በኋላ ሁለት ቀን ከሰው ተለይ፤ ለሌላው ሰው ምግብ አትንካ። ተመልሰህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካተኮሰህ ደግሞ ሐኪሙ ባይጠይቅህም ራስህ ንገረው፦ የት እንደነበርክ፣ መቼ፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ገብተህ እንደሆነ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ ለሚመጣው ውድድር ክሊኒክ ውስጥ ተመድቤያለሁ። ሰልፉ ረጅም እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁሉንም መሙላት ካልቻልኩ የግድ ምን ልጻፍ?

እህቴ፣ ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። ዕድሜና ምልክት የግድ ነው። ቀጥሎ ምልክቱ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፤ ክሊኒክ የመጣበት አይደለም። አብዛኛው ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታል። ከዚያ የት እንደሚያድር፣ ሥራው ምን እንደሆነ ወይም የት ተቀምጦ እንደሚያይ። በመጨረሻ ስልክ ቁጥር። በሽተኛው ጫማውን እያሰረ ሳለ ጠይቀሽ ይጠናቀቃል።

በቀኑ ውስጥ ተቅማጥ ያለበት ሰው ካልመጣ 0 ብለሽ ጻፊ እንጂ ባዶ አትተዪው። ባዶ ቦታ በሽተኛ የለም ማለት ይሁን የጻፈ የለም ማለት ይሁን ማታ ለሚያነበው ሰው አይገባውም። ተመሳሳይ ምልክት ያለባቸው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የሥራ ልብስ ለብሰው ከመጡ ደግሞ ሦስተኛውን አትጠብቂ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን ደውዪ። ስልኩ አጠገብ ሰው የሚያድረው ለዚህ ነው።